የኮሌጅ መረብ ኳስ ዋና አሰልጣኝነት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ሥራ የምትጠይቁት ካለ ላኩልን ብለን ነበር። ከመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ መረብ ኳስ ዋና አሰልጣኝነት በመሆናቸው የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ለቀናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል። ወራቱን እንደ ፈረንጆቹ የጠራናቸው የውድድሩ ደንብም የሥራ ማስታወቂያውም በዚያ ስለሚሄድ ነው።

ጥያቄ፦ 28 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ለክለብ ተጫውቻለሁ፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ገብቼ አልተጫወትኩም። ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ከየት ልጀምር? — ዳ.መ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሁለት በር አለህ፤ የሚሻለው ሁለቱንም በአንድ ዓመት ማንኳኳት ነው። አንደኛው ከትምህርት ቤት ውጭ ወላጆች ከፍለው የሚያስመዘግቡት የታዳጊዎች ክለብ ነው። ዋናው ውድድሩ ከጃንዋሪ እስከ ሰመር መጀመሪያ ይሄዳል። ሁለተኛው የኮሌጅ ረዳት አሰልጣኝነት ሲሆን የሴቶቹ የኮሌጅ ውድድር ከኦገስት እስከ ዲሴምበር ነው። አይጋጩም። ብዙ ረዳቶችም ኑሯቸውን የሚደጉሙት እንዲህ እያፈራረቁ ነው።

ክለብ ለመግባት የሚጠየቀው ቀላል ነው፦ የዩኤስኤ ቮሊቦል አባልነት፣ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያና ሴፍስፖርት የሚባለው የታዳጊዎች ደኅንነት ሥልጠና። ክለቦች አሰልጣኝ ስለሚያጥራቸው ቦታ ታገኛለህ። ሲቀበሉህ ግን የ12 ዓመት ልጆችን ሰጥተው እንዳይተዉህ። የ15 ወይም የ16 ዓመቶቹን ሁለተኛ ቡድን ጠይቅ። የኮሌጅ መልማዮች ወንበር ይዘው የሚቀመጡት በዚያ ዕድሜ ሜዳ ዳር ስለሆነ ፊትህን የሚለምዱትም እዚያው ነው።

ለኮሌጁ፣ በአካባቢህ ላሉ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የዲቪዥን 3 (ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ካሉት ሦስት ደረጃዎች ሦስተኛው፤ ከፍተኛው ዲቪዥን 1 ነው) ዋና አሰልጣኞች በቀጥታ ጻፍ። ጊዜው ውድድሩ አልቆ ረዳቶች የሚለቁበት ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ነው። «ክፍት ቦታ ካለ» የሚል ሲቪ የትም አያደርስህም። ይልቅ ኢንተርኔት ላይ ካሉት ጨዋታዎቻቸው ሁለቱን አውርድና ቡድኑ በስድስቱም ሮቴሽን (ተጫዋቾች በዙር ቦታ ሲቀያየሩ በሚፈጠረው አሰላለፍ) ሰርቭ ሲቀበል ከስንቱ ኳስ ስንቱን ነጥብ እንዳገኘ ቆጥረህ በአንድ ገጽ ላክላቸው። ያንን ገጽ ለመሥራት አንድ ሌሊት ይበቃሃል፤ ዋና አሰልጣኙ ግን ያ ሌሊት የለውም፣ ስለዚህ ይደውላል። ዳታቮሊ በሚባለው ፕሮግራም ጨዋታ መመዝገብ ከቻልክ ደግሞ ከተጫወትክበት ዘመን ይልቅ እሱ ይፈለጋል።

ዲግሪ ያስፈልግሃል። የመጀመሪያ ዲግሪ በሁሉም ማስታወቂያ ማለት ይቻላል ግዴታ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ «ይመረጣል» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ረዳት ሆኖ አምስት ዓመት መከላከል ብቻ ያሰለጠነ ሰው ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ሲያመለክት በጀት ይዞ አያውቅም፣ የአውቶቡስና የሆቴል ውል ፈርሞ አያውቅም፣ አንዲት ልጅ ከመጀመሪያ ስልክ እስከ ፊርማ አድርሶ አያውቅም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረህ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን በእጅህ እንዲያደርጉልህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ውድድሩ አራት ወር ብቻ ከሆነ ዋና አሰልጣኝ የቀረውን ስምንት ወር ምን ይሠራል? — ሄ.አ.፣ ሲያትል

መልስ፦ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በስምንቱ ወር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዲቪዥን 1 ሴቶች ተጫዋቾች የሚሰበሰቡት በኦገስት መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ በወሩ መጨረሻ ይደረጋል፣ የኮንፈረንሱ (ኮሌጁ የሚወዳደርበት ምድብ) ጨዋታ ደግሞ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ታንክስጊቪንግ በዓል ሰሞን፣ ማለትም እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይዘልቃል። ከዚያ 64 ቡድን ለብሔራዊው ሻምፒዮና ይመረጥና ዲሴምበር ላይ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ደንቡ ለተጫዋች በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ አይፈቅድም፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ግዴታ ነው። ከውድድር ውጭ ባለው ጊዜ 20ው ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል፤ የክብደት ልምምዱም የሚቆጠረው ከዚያው ነው። አሰልጣኙ በዓመት ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ የሚቆምበት ሰዓት ከሚገመተው በጣም ያነሰ የሆነው በዚህ ነው።

የቀረውን ጊዜ ምልመላ ይወስደዋል። ዲሴምበር ላይ ዋንጫው ገና ሳይነሳ ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡበት የዝውውር ፖርታል ይከፈታል፤ አንዲት ሴተር (ለአጥቂዎች ኳስ የምታመቻች) ስሟን አስገብታ ከሄደች ምትኳ መገኘት ያለባት በወራት ሳይሆን በቀናት ነው። ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ ቅዳሜና እሁዱ የክለብ ውድድር ማየት ነው። ትልልቆቹ ውድድሮች በአንድ የስብሰባ ማዕከል ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሜዳዎች ስለሚዘረጉ የማን ጨዋታ በስንት ሰዓት በየትኛው ሜዳ እንደሆነ ቀድሞ ያላዘጋጀ መልማይ ቀኑን በመተላለፊያ ላይ ይጨርሰዋል። ሰመር ላይ ካምፕ አለ፤ ገቢም ነው፣ ልጆችን በቅርብ ማያም ነው።

ብዙ አዲስ አሰልጣኞች የሚንቁት ግን የጨዋታ መርሐ ግብር አወጣጥን ነው። ከኮንፈረንስ ውጭ ያሉትን ተጋጣሚዎች የሚመርጠው ዋና አሰልጣኙ ነው። የሻምፒዮናው ኮሚቴ ቡድኖችን ሲመርጥ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የሆነው አርፒአይ የሚባል መለኪያ በመሠረቱ ሲሰላ ሩቡ የራስ የማሸነፍ መጠን፣ ግማሹ የተጋጣሚዎች የማሸነፍ መጠን፣ የቀረው ሩብ የተጋጣሚዎች ተጋጣሚዎች የማሸነፍ መጠን ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚሸነፍ ደካማ ቡድን ጠርቶ 3 ለ 0 ማሸነፍ ሊጎዳ ይችላል። ብልሁ ምርጫ በራሱ ኮንፈረንስ ብዙ የሚያሸንፍ፣ አንተ ግን የምትችለው ቡድን ነው። እንዲህ ያለውን ቡድን ሁሉም ስለሚፈልገው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት ካልተያዘ አይገኝም።

ወረቀትም አለ። በዲቪዥን 1 እና 2 ከካምፓስ ውጭ ወጥቶ ለመመልመል በየዓመቱ የደንብ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። የልምምድ ሰዓት ተመዝግቦ ይያዛል። ሰዎች አብዝተው የሚያዙት «በፈቃደኝነት ነው» በተባለ ልምምድ ነው፦ አሰልጣኙ ማን እንደመጣ ከጠየቀ ወይም የቀረችውን ልጅ በአሽሙር ከነካ ፈቃደኝነቱ ቀርቷል፣ ሰዓቱም ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አዲስ ዋና አሰልጣኝ ነኝ። 14 ተጫዋች፣ አንድ ሜዳና አንድ ረዳት አለኝ። ልምምዳችን ሁለት ሰዓት ሲሆን 45 ደቂቃው በሰልፍ እየመጡ መምታት ነው። ሰርቭ ስንቀበል ከ100 ኳስ ነጥብ የምናገኘው 48ቱን ብቻ ነው። በተለይ ሴተራችን ከኋላ ቀኝ ስትነሳ ተከታታይ ነጥብ እንጥላለን። — ት.ገ.፣ ቴክሳስ

መልስ፦ መጀመሪያ የሰልፉን ምት ያስወጡት። በሰልፍ የምትመታ ልጅ ብሎክ የለባትም፣ ኳሱም ሁልጊዜ የተመቻቸ ነው፣ ኳስ ተቀብላ ወይም ተከላክላ አይደለም የምትነሳው። በጨዋታ እንዲህ ያለ ኳስ አይመጣላትም። ትከሻዋን ግን ያደክማል፤ በሳምንቱ መጨረሻ የዝላይ ቁመቷ ሲወርድ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በምትኩ ሁለቱን ሰዓት እንዲህ ይከፋፍሉት። 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፤ ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ኳስ። 20 ደቂቃ ሰርቭና ቅበላ፦ 14ቱን ለሁለት ይክፈሏቸው፤ በየወገኑ 3 ተቀባይ፣ 1 ሴተር፣ 3 ሰርቭ መቺ። ሰርቩ በተራ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሄዳል፤ እያንዳንዷ ተቀባይ 20 ኳስ ትቀበላለች። ረዳትዎ ውጤት ይይዛል፦ ሴተሯ ሁሉንም አጥቂ መጠቀም የምትችልበት ኳስ 3፣ የመሐል አጥቂዋን የሚያሳጣ 2፣ አንድ አማራጭ ብቻ የሚተው 1፣ የሞተ 0። አማካይ 2.0 ላይ ካልደረሱ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው፤ 2.2 ሲደርሱ ጥሩ ነው። 15 ደቂቃ ሴተርና አጥቂ፣ ግን በብሎክ ላይ። ከዚያ 5 ደቂቃ ውኃ።

ቀጥሎ የልምምዱ እምብርት ይመጣል፦ ስድስት ለስድስት፣ በእያንዳንዱ ሮቴሽን 10 ሰርቭ መቀበል። ስድስት ሮቴሽን 60 ሰርቭ ነው፤ አንዱ 25 ሰከንድ ቢወስድ በ25 ደቂቃ ያልቃል። ከ10ሩ 6 ያላገኘ ሮቴሽን ይመዘገብና በነጋታው ልምምዱ በእሱ ይጀመራል። የተረፉት ሁለቱ ልጆች ውጤት ይመዝግቡ፤ ተቀምጠው አይጠብቁ። ከዚያ 20 ደቂቃ ከመከላከል ወደ ማጥቃት መሸጋገሪያ፣ 15 ደቂቃ ከ20 ለ20 የሚጀመር አጭር ሴት (የጨዋታ ምዕራፍ)፣ የመጨረሻው 10 ደቂቃ በደከመ እግር ሰርቭና ማላላት። መሐል ላይ ንግግርዎ ከ30 ሰከንድ አይብለጥ። የሚረዝም ነገር ካለ በቪዲዮ ክፍል ይነገር።

አሁን ወደዚያች ሮቴሽን። ሴተሯ ቁጥር 1 ላይ፣ ማለትም ከኋላ ቀኝ ስትሆን በተለመደው አምስት ለአንድ (አንድ ሴተር ብቻ ባለው) አሰላለፍ ከፊት ግራ የምትገኘው ኦፖዚት (ከቀኝ የምትመታ አጥቂ) ናት፣ ከፊት ቀኝ ደግሞ አውትሳይድ (ከግራ የምትመታ አጥቂ)። ሰርቩ እስኪመታ ድረስ የጎረቤት ቅደም ተከተል መጠበቅ ስላለበት ቀድመው ቦታ መቀያየር አይችሉም፤ ከሰርቩ በኋላ ደግሞ ለመጀመሪያው ኳስ ጊዜ የለም። ሁለቱም በማይለምዱት ጎን ይመታሉ። ይህ የእርስዎ ቡድን ብቻ ሳይሆን የአሰላለፉ የተፈጥሮ ሕመም ነው። መድኃኒቱ፦ ኦፖዚቷን በየቀኑ 25 ከፍ ያለ ኳስ ከግራ ማስመታት፤ ከኋላ ያለችውን ሁለተኛዋን አውትሳይድ በሦስት ሜትሩ መስመር ከኋላ እንድታጠቃ ማስለመድ፤ ሴቱን ደግሞ ሴተሯን ቁጥር 6፣ ማለትም ከኋላ መሐል ላይ አድርጎ መጀመር። ያኔ ያች ሮቴሽን የምትመጣው ስድስተኛ ሆና ነው፤ በ25 ነጥብ ውስጥ አንድ ዙር እንኳ ማዳን ቀላል አይደለም።

አጥቂዎችን ሲመዝኑ ደግሞ ነጥብ ያገኙበትን ምት ብቻ አይቁጠሩ። 40 ኳስ መትታ 15 ነጥብ ያገኘችና 5 ያበላሸች ልጅ 15 ሲቀነስ 5፣ ለ40 ሲካፈል 0.250 ናት። ከ40ው 18 ነጥብ አግኝታ 12 ያበላሸችው 0.150 ናት፤ ጭብጨባው ግን ለእሷ ነው የሚበዛው።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፣ ለክለብ በአውትሳይድ ትጫወታለች፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ነው። ከመስከረም ጀምሮ ለ30 የዲቪዥን 1 አሰልጣኞች ጽፋ አንድም አልመለሰላትም። ናቋት ወይ? — የልጅ እናት፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እናት ሆይ፣ ንቀት አይደለም። የዲቪዥን 1 አሰልጣኝ ከጁን 15 በፊት፣ ያውም 10ኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ ካለው ጁን 15 በፊት፣ ስለ ምልመላ ሊጽፍላትም ሊደውልላትም ደንቡ አይፈቅድለትም። የካምፕ ማስታወቂያና የሚሞላ መጠይቅ መላክ ብቻ ይችላል። ኮሌጁ ወጪዋን ችሎ የሚያስጎበኛት ደግሞ 11ኛ ክፍል ከምትገባበት ኦገስት 1 ጀምሮ ነው። በዲቪዥን 3 እና ኤንኤአይኤ በሚባለው ሌላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ያሉት ግን ዛሬም ሊመልሱላት ይችላሉ። እነሱም ዝም ካሉ ያኔ ኢሜይሏን እንመርምር።

አሰልጣኙ በቀን ብዙ እንዲህ ያለ መልእክት ይመጣለታል፤ የሚከፍተው ርእሱን አይቶ ነው። ርእሱ ላይ የምትመረቅበት ዓመት፣ ቦታዋ፣ ቁመቷና ክለቧ ይጻፍ። ውስጡ አምስት መስመር ይበቃል፦ የትምህርት ውጤቷ፣ ቆማና ዘልላ የምትነካው ከፍታ፣ የቪዲዮው ሊንክ፣ ቀጣዩ ውድድር የት እንደሆነና የማልያ ቁጥሯ። ውድድሩ ሲቃረብ የሜዳውንና የሰዓቱን ዝርዝር ትላክ። ቪዲዮው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ ከሜዳው ጀርባ ከፍ ካለ ቦታ የተቀረጸ፣ ያለ ሙዚቃ ይሁን። ቅበላዋን ሳይቆርጡ ያሳዩ፤ ምቱን ብቻ ለጥፎ ቅበላውን የሚደብቅ ቪዲዮ አሰልጣኝ ወዲያው ይጠረጥራል። ጽሑፉን ደግሞ ልጂቱ ራሷ ትጻፈው። እናት ወይም አባት የጻፉት መሆኑ ያስታውቃል፤ «ልጂቱስ ራሷ ትፈልጋለች?» የሚል ጥያቄም ያስነሳል።

ቁመቱን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይሻላል። በዲቪዥን 1 አውትሳይድ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ከ1 ሜትር ከ80 በላይ ናቸው። በ1 ሜትር ከ68 ልጅዎ በሊቤሮነት (ከኋላ ብቻ በምትጫወት ልዩ ተከላካይነት) እና በኋላ ሜዳ ተከላካይነት ብትታይ በሩ ይሰፋል፤ የክለብ አሰልጣኟን አሁኑኑ ያነጋግሩ። የትምህርቱንም ነገር አይርሱ፦ ለዲቪዥን 1 የተወሰኑ 16 ዋና ትምህርቶች ያስፈልጋሉ፣ በእነሱም ቢያንስ 2.3 አማካይ። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሯ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ ይሁኑ። ይህን ያላወቀ ወላጅ በመጨረሻው ዓመት ላይ ነው የሚደነግጠው።

ስኮላርሺፑም ተለውጧል። በዲቪዥን 1 ሴቶች ድሮ የነበረው 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአዲሱ የፍርድ ቤት ስምምነት በገቡ ኮሌጆች ቀርቶ የተጫዋች ቁጥር በ18 ተወስኗል። ለ18ቱም ይክፈል አይክፈል የሚወስነው ኮሌጁ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ «ስኮላርሺፕ አላችሁ?» ሳይሆን «ለእሷ ስንት፣ ለስንት ዓመት?» ይሁን። ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ ጨርሶ አይሰጥም፤ በውጤትና በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ግን አለው።

ጥያቄ፦ በስፖርት ሳይንስ ተመርቄያለሁ፣ አራት ዓመት መረብ ኳስ አሰልጥኛለሁ። ከኢትዮጵያ ሆኜ አሜሪካ ኮሌጅ ረዳት ሆኜ ለመግባት መንገድ አለ? — ብ.ወ.፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ተጨባጩ መንገድ በተማሪነት ነው። ግራጁዌት አሲስታንት የሚባለው ቦታ ሁለተኛ ዲግሪህን እየተማርክ ቡድኑን የምትረዳበት ነው፤ የትምህርት ክፍያ ይቀርልሃል፣ አነስተኛ አበል ይታሰብልሃል። ቦታዎቹ በብዛት የሚወጡት ውድድሩ ካለቀ በኋላ ከዲሴምበር እስከ ሜይ ነው፤ በአሜሪካ መረብ ኳስ አሰልጣኞች ማኅበር የሥራ ሰሌዳና በየኮሌጁ ገጽ ታገኛቸዋለህ። ሁለት ማመልከቻ ነው፦ አንዱ ለአሰልጣኙ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው። አሰልጣኙ «እንፈልግሃለን» ብሎ የትምህርት ክፍሉ የመግቢያ ቀን ስላለፈ የሚቀሩ አሉ። ውጤትህን በታወቀ ገምጋሚ ድርጅት አስተርጉም፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቀድመህ ተፈተን።

ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ፦ የሚቀረው የትምህርት ክፍያ ሙሉ ነው ወይ፣ ልዩ ልዩ ክፍያዎችስ፣ የጤና መድንስ፣ የሰመርስ? ሌላው ደግሞ ሰዓት ነው። በተማሪ ቪዛ ትምህርት ባለበት ጊዜ በካምፓስ መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የመረብ ኳስ መጸው ደግሞ ጉዞውን ጨምሮ ከ20 በእጅጉ ያልፋል። ዋና አሰልጣኙ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ቪዛው ሲበላሽ የምትመለሰው ግን አንተ ነህ። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ የሥራ ሰዓትህን በጽሑፍ እንዲያጸድቅ አድርግ።

ከተመረቅህ በኋላ 12 ወር የሥራ ልምምድ ፈቃድ አለ። ከዚያ ኤች 1 ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ይመጣል፦ ዩኒቨርሲቲዎች ከዓመታዊው ዕጣ ነጻ ናቸው፤ ችግሩ ቪዛው ሥራው የተወሰነ ዲግሪ የግድ የሚል መሆኑን ስለሚጠይቅ አሰልጣኝነት በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። በሴፕቴምበር 2025 በወጣው አዋጅ ደግሞ ከውጭ አገር ሆነው ለሚጠየቁ አዲስ ማመልከቻዎች 100 ሺህ ዶላር ተጥሏል፤ ይህን ለረዳት አሰልጣኝ የሚከፍል ኮሌጅ አትጠብቅ። እስከዚያው ባለህበት የዓለም መረብ ኳስ ፌዴሬሽን የአሰልጣኝነት ደረጃ ኮርስ ሲመጣ አትለፈው። «የአሜሪካ አሰልጣኝነት ሥራ እናስገባለን» ብሎ ቀድሞ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ ግን አምስት ሳንቲም አትስጥ፤ ኮሌጅ በደላላ አይቀጥርም።

ጥያቄ፦ ደመወዙስ? — ከሦስት አንባቢያን

መልስ፦ ስፋቱ ከሰማይ እስከ ምድር ነው። በአሜሪካ በሁሉም ስፖርትና ደረጃ ያሉ አሰልጣኞችና መልማዮች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ በመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሠረት ወደ 46 ሺህ ዶላር ይጠጋል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ በሌላ ሥራ ላይ የሚደረብ የጥቂት ሺህ ዶላር አበል ነው ያለው። በዲቪዥን 3 ከአሰልጣኝነቱ ጋር ማስተማር ወይም ሌላ የቢሮ ሥራ ይያያዛል። በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ግን ስድስት አኃዝ የተለመደ ነው። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደመወዙ ለማንም ክፍት መረጃ ስለሆነ ከመደራደርህ በፊት የቀድሞው አሰልጣኝ ስንት ያገኝ እንደነበር ፈልገህ እወቅ።

ከደመወዙ በላይ ግን ሦስት ነገር ይታይ። የረዳቶችህ ደመወዝ ስንት ነው? ጥሩ ረዳት ማቆየት ካልቻልክ በየዓመቱ ከዜሮ ትጀምራለህ። የምልመላ በጀቱ ከሥራ ማስኬጃው የተለየ ነው ወይ? ካልተለየ ኦክቶበር ላይ የአውቶቡስ ዋጋ ይበላዋል። የካምፑ ገቢስ የማን ነው? ልጆች ላሉት ደግሞ የልጅ የትምህርት ክፍያ ነጻ መሆኑ ከደመወዝ ጭማሪ ሊበልጥ ይችላል፤ አበሻ ቤተሰብ ይህን ቢጠይቅ አይከፋም። ውሉ በትንንሾቹ ኮሌጆች ዓመት በዓመት የሚታደስ ነው፤ ማባረር ካለ በብዛት የሚሆነው በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶች የሚጫወቱት ስፖርት ሆኖ አሰልጣኞቹ ለምን ወንዶች ይበዛሉ? አንዲት ሴት እስከ ላይ ትደርሳለች? — ሰ.ከ.፣ አትላንታ

መልስ፦ ደርሳለች፤ ግን ዘግይቶ ነው። የኤንሲኤኤ ዲቪዥን 1 የሴቶች ሻምፒዮና ከ1981 ጀምሮ ሲደረግ የመጀመሪያዋ ሴት ባለዋንጫ ዋና አሰልጣኝ የመጣችው በዲሴምበር 2024 ነው፦ ፔን ስቴትን ይዛ ሉዊቪልን 3 ለ 1 ያሸነፈችው ኬቲ ሹማከር ካውሊ። በዚያው ዓመት የጡት ካንሰር ሕክምና እየተከታተለች ነበር። የሉዊቪል አሰልጣኝም ዳኒ ቡስቡም ኬሊ ስለነበረች ፍጻሜው ሳይጀመር ታሪኩ የሴት መሆኑ ተረጋግጦ ነበር።

መንገዷን ማየት ይጠቅማል። ሹማከር ካውሊ በ1999 ዋንጫ ያነሳው የፔን ስቴት ቡድን ተጫዋች ነበረች፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በዋና አሰልጣኝነት ሠርታ፣ ተመልሳ ረዳት ሆና፣ ከዚያ ወንበሩን ያገኘችው ከ1979 እስከ 2021 ሰባት ዋንጫ ያነሳው ረስ ሮዝ ሲለቅ ነው። ቡስቡም ኬሊም በ2006 ለነብራስካ ተጫውታ ዋንጫ አንስታ በ2025 መጀመሪያ ጆን ኩክን ተክታለች። ነብራስካ በኦገስት 2023 በእግር ኳስ ስታዲየሙ 92,003 ተመልካች የሰበሰበ ቡድን ነው። የዚህ ዓይነት ወንበር በአሥርተ ዓመታት አንዴ ነው የሚለቀቀው፤ ወንዶቹ ለረጅም ዘመን ስለያዙት ቁጥሩ የሚቀየረው ቀስ ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ ለዋና አሰልጣኝነት ቃለ መጠይቅ ቀርቤ አላለፍኩም። ስለ አሰላለፍና ስለ ልምምድ የጠየቁኝን ሁሉ መልሻለሁ። — አ.ጸ.፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ ከሚጠይቁህ ሰዎች አብዛኞቹ መረብ ኳስ አያውቁም። የስፖርት ዳይሬክተር፣ የመዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ሰው፣ የአካዳሚክ አማካሪ፣ ምናልባት የእግር ኳስ አሰልጣኝ ናቸው። እነሱን የሚያሳስባቸው ልጆቹ ይመረቃሉ ወይ፣ በጀቱ ይበቃል ወይ፣ ወላጅ ሲጮህ ማን ያበርደዋል የሚለው ነው።

ስለዚህ የእነሱን ቡድን ይዘህ ግባ። የተጫዋች ዝርዝሩ ድረ ገጻቸው ላይ አለ፤ በየቦታው ማን በየትኛው ዓመት እንደምትመረቅ በአንድ ገጽ አውጣ። 18 ቦታ ቢኖር ሚዛናዊው አከፋፈል 2 ሴተር፣ 5 አውትሳይድ፣ 3 ኦፖዚት፣ 4 መሐል፣ 4 ሊቤሮና ተከላካይ ነው። ሁለቱም ሴተሮች በአንድ ዓመት የሚመረቁ ከሆነ «እነሆ አደጋው፣ እነሆ በፖርታል የምሞላው፣ እነሆ ከሁለተኛ ደረጃ የማመጣው» በል። ሁለተኛው ገጽ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ይሁን፦ በመጀመሪያው ሳምንት ከእያንዳንዷ ተጫዋች ጋር 30 ደቂቃ ለብቻ፣ ቃል ለተገባላቸው ልጆች ስልክ፣ ረዳት ቅጥር፣ የቀጣዩ መርሐ ግብር ክፍተት። የረዳቶቹን ስም ቀድመህ አነጋግረህ ያዝ። የቀድሞውን አሰልጣኝ አትማ፤ ከጠያቂዎቹ አንዱ የቀጠረው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የወንዶች ቡድን ማሰልጠን እፈልጋለሁ። ቦታ አለ? — ም.ሐ.፣ ሚኔሶታ

መልስ፦ ጠባብ ነው። በዲቪዥን 1 የሴቶች ቡድን ያላቸው ኮሌጆች ከ300 በላይ ሲሆኑ የወንዶቹ የዚያን አንድ አሥረኛ ገደማ ናቸው። የተሻለው ዕድል በዲቪዥን 3 ነው። የወንዶቹ ውድድር ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ስለሆነ አንዳንድ ትንንሽ ኮሌጆች ሁለቱንም ቡድን ለአንድ ሰው ይሰጣሉ፤ ከተቀበልክ በዓመት ውስጥ የሚቀርህ ለምልመላ የሚሆን ቅዳሜ በጣም ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ የተጫወትኩበት ደንብ እዚህ ይሠራል? — ዮ.ን.፣ ላስ ቬጋስ

መልስ፦ ሜዳው ያው 18 በ9 ሜትር፣ የሴቶች መረብ 2 ሜትር ከ24፣ ሴቱ (ምዕራፉ) 25 ነጥብ፣ አምስተኛው 15 ነው። በዋናነት የሚለየው ሦስት ነገር ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ በአንድ ምዕራፍ 6 ቅያሪ ሲፈቀድ በኮሌጅ ሴቶች 15 ነው፤ በዚህ የተነሳ ከኋላ ብቻ የምትጫወት፣ ሰርቭ ብቻ ለመምታት የምትገባ ልጅ ቡድን ውስጥ ቦታ አላት። ሊቤሮ በአንድ ሮቴሽን ሰርቭ መምታት ትችላለች፤ በዓለም አቀፉ አይቻልም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሁለተኛውን ኳስ ስታቀብል ሁለት ጊዜ የነካች ተጫዋች ኳሱ በራሷ ወገን እስከቀረ ድረስ አትቀጣም። ሊቤሮዋ በየትኛው ሮቴሽን ሰርቭ እንደምትመታ ከጨዋታው በፊት ወስን፤ አንዴ በአንዱ ሮቴሽን ሰርቭ ከመታች በዚያው ምዕራፍ በሌላ ሮቴሽን መምታት አትችልም።